በመንጋጋዬ ያረገዝኩ ጊዜ

ስድስት ዓመት ተኩል ሲሆነኝ አረገዝኩ። ያረገዝኩት በላይኛው መንጋጋዬ ነው፤ ከአፍንጫዬ ግራ ቀዳዳ በታች፣ ከአንዲት የጠቆረች የወተት ጥርስ በላይ። ወንድ ልጅ መሆኔን አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር። ግን ሐኪም አንዴ ከተናገረ በኋላ እኔ ማን ነኝና እከራከራለሁ?

መጀመሪያ ያየችው እናቴ ናት። ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስትለይ ስለምትውል ትንሽ የተዛነፈ ነገር ከዓይኗ አያመልጥም። አንድ ጠዋት ፊቴን እያጠበችኝ እጇ ቀጥ አለ። ከንፈሬን በአውራ ጣቷ ገልብጣ አየች።

"ያምሃል?"

"አያመኝም።"

ተጫነችው። "አሁንስ?"

"አሁንማ ስለተጫንሽው ነው።"

አባቴን ጠራችው። አባቴ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የሰው ቤት ግድግዳ ሲያብጥ ከጀርባው ምን እንዳለ ሳያፈርስ ያውቃል። ድዴን በትንሿ ጣቱ ጫፍ ነካ ነካ አደረገና "ውሃ ነው" አለ።

"ልጄ ግድግዳ መሰለህ?" አለችው እናቴ። እሱም አፍሮ እጁን ሰበሰበ። በኋላ እንደታየው ግን ልክ ነበር።

ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ ሌላም ያበጠ ሰው ነበር፤ አክስቴ። የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ባሏ የጭነት መኪና ይዞ ከወጣ ሳምንታት ስለሚቆይ እኛ ጋ ነበር የምትኖረው። የፊተኛው ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናዋን ተክላ የሰፈሩን ሰው ታለብሳለች። ሰባተኛ ወሯን ይዛ ስለነበር ሆዷ ከመኪናው ጋር መጋፋት ጀምሯል። እዚያ ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቄያት ነበር። በከንፈሮቿ መሐል ስፒል እንደያዘች፣ አፏን ብዙም ሳትከፍት አስረዳችኝ።

"ከረጢት አለ። ከረጢቱ ውሃ ሞልቶበታል። ሕፃኑ እዚያ ውስጥ ተጋድሞ ይተኛል። ቀኑ ሲደርስ በራሱ ጊዜ ይወጣል።"

"ማን አስገባው?"

"ያንን ነጭ ክር አቀብለኝ።"

በዚህ ዕውቀት ታጥቄ ነው እንግዲህ ወደ ጥርስ ሐኪም የሄድኩት።

ሐኪሙ ረጅም ነበር፤ ልጅ ሲያናግር ወገቡን ለሁለት ያጥፋል። አገጬን ብረት ላይ አስደግፎ ራጅ አነሳኝ፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ ትቶኝ እናትና አባቴን ወደ መስኮቱ ወሰዳቸው። ፊልሙን ወደ ብርሃኑ ዘረጋላቸው። እኔ የመጉመጥመጫ ውሃዋን በምትቀዳው ቁልፍ የምጫወት መስዬ ጆሮዬን ቀስሬ ነበር።

"ይኸውላችሁ፣ ከረጢት ነው" አለ ሐኪሙ። "ውሃ ቋጥሯል። ውስጡ ደግሞ አንድ አለ። ተጋድሞ ይታያችኋል?"

እጄ ቁልፏ ላይ ቀረ። ውሃው ኩባያዋን ሞልቶ ፈሰሰ።

"ምን ይሻላል ታዲያ ዶክተር?" አለች እናቴ።

"ውስጥ ያለውን ለማትረፍ እንሞክራለን። ቦታ ካመቻቸንለት ቀኑ ሲደርስ በራሱ ጊዜ ይወጣል።"

በቃ። ቃል በቃል አክስቴ ያለችው ነው። ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ አላወቅኩም፤ ብቻ ጉንጬን በመዳፌ ደግፌ ያዝኩት፣ እንዳይወድቅብኝ።

ሐኪሙ ቀጠለ። "አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይህች የወተት ጥርስ ጠቁራለች፣ ሞታለች ማለት ነው። ተመትታ ታውቃለች?"

እናቴ አሰበች። "አራት ዓመት ሲሆነው ደረጃ ላይ ወድቆ ከንፈሩ ደምቶ ነበር። ጥርሱ ግን ምንም አልሆነም። መጥቆሯን ከከረሜላ ነው ያልኩት።"

"ጥርሱ አልተነቃነቀም? ወደ ውስጥ አልገባም?"

"የለም፣ የለም።"

ሐኪሙ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ኩባያዋን አየሁ።

"እንዲህ ከሆነ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል። እሱን ሳናረጋግጥ መንካት አልፈልግም። ትልቁ ሆስፒታል እልካችኋለሁ።"

ሌላም። እናቴ የአባቴን እጅጌ ጨብጣ ስትይዝ አየሁ፤ እኔ ደግሞ በልቤ "መንታ ነው" አልኩ። ዛሬ ራሴ የልጆች አባት ሆኜ ያቺን እጅጌ የጨበጠች እጅ አልረሳትም። "ሌላ ነገር" ያለው ዕጢን ነው። ከዚያ ክፍል የወጡት እኔን በሁለት ወገን ይዘው ነበር፤ እኔ ለእርጉዝ የሚደረግ እንክብካቤ መሰለኝ።

ስለ ደረጃው የተባለው ውሸት መሆኑን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነበርን። ከሁለት ዓመት በፊት አክስቴ ለአንዲት ደንበኛ ልጅ የልደት ቀሚስ ትሰፋ ነበር። ሮዝ፣ ከወገቡ በታች ሦስት ረድፍ ሽንሽን ያለው። ቅምቅማቱን ለማስተካከል የልጅቷን ቁመት የሚያህል ሰው ፈለገች፤ ቤት ውስጥ ያንን የማህለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቀሚሱን አልብሳ ጠረጴዛው ላይ አቆመችኝ። "ቀስ ብለህ ዙር" አለችኝ። ቀስ ብዬ ዞርኩ። ሽንሽኑ ተነፋ። እንዲህ የሚነፋ ከሆነማ ብዬ በፍጥነት ዞርኩ። ከዚያ ጫፉን ረገጥኩት፣ የስፌት መኪናውን ብረት በአፌ ሳምኩት።

አክስቴ ደሙን ጠራርጋ ስታበቃ ፊት ለፊቴ ተንበረከከች። እሷን እናቴ "ልጁን ጠረጴዛ ላይ እንዳታወጪው" ብላ አስጠንቅቃታለች። እኔ ደግሞ በቀሚስ ስሽከረከር እንደነበር ሰው ቢሰማ ምን ይውጠኛል። ሁለታችንም የምንደብቀው ነበረን። ደረጃውን ፈጠርነው፣ ተማማልን።

ከሐኪም ቤት በተመለስን ማግስት የእርግዝናን ሥራ አንድ ብዬ ጀመርኩ። አስተማሪዬ ሩቅ አልነበረችም፤ አክስቴ ስትነሳ ወገቧን ትይዛለች፣ እኔም ያዝኩ። ስትቀመጥ ትቃትታለች፣ እኔም ቃተትኩ። አባቴ ለእሷ "ከባድ ነገር እንዳታነሺ" ሲላት ሰምቻለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት እንደ ወትሮው "ና የመፍቻ ሳጥኔን በአንድ ጎን ያዝልኝ" ሲለኝ ባለሁበት ቆምኩ።

"ከባድ ነገር ማንሳት አልችልም" አልኩት።

"ለምን?"

"እንዲህ ሆኜ?" ጉንጬን አሳየሁት።

ሳጥኑን አስቀመጠው። ትንሽ አየኝና ወደ ጓሮ ሄደ። ቧንቧው ተከፍቶ ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ። ውሃ የሚያባክን ሰው አልነበረም፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ከሰማ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ልጄ አቅም እያነሰው ነው ብሎ ፊቱን ሲታጠብ እንደነበር የነገረኝ ካደግኩ በኋላ ነው። እኔ ግን ያን ቀን የልጅ ልጁን አልወደደውም ብዬ አኮረፍኩት።

ትምህርት ቤት ነገሩ ተሳካልኝ። አስተማሪያችን "ፊትህ ምን ሆነ?" አለችኝ።

"አርግዣለሁ።"

"ማን ነው እንዲህ ያለህ?"

"ሐኪሙ ነዋ።"

መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ቶሎም አልተመለሰች። ለእኔ ብላ የምታለቅስ መስሎኝ አንጀቴን በላችው። ከሃያ ዓመት በኋላ ባንክ ቤት ወረፋ ላይ አግኝቻት ስትነግረኝ፣ ግድግዳ ተደግፋ መተንፈስ አቅቷት ርዕሰ መምህሩ ውሃ አምጥቶላታል።

አጠገቤ የምትቀመጠውን ልጅ፣ የሰማችውን ሳትናገር ስለማታድር፣ "ሬዲዮ" እንላታለን። ጆሮዋን ጉንጬ ላይ ለጥፋ ዓይኗን ጨፈነች።

"ይራገጣል" አለች።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ልጅ "ወንድ አያረግዝም" አለ።

"በሆዱ ነው የማያረግዘው" አለች ሬዲዮ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። ቀጥላም "ርቦታል" ብላ አወጀች፤ ለዕረፍት ስንወጣ የክፍሉ ግማሽ ብስኩት እኔ ኪስ ውስጥ ነበር።

የከነከነኝ የአክስቴ ነገር ነው። ከሐኪም ቤት ከመጣን ጀምሮ ፊቷን ታዞርብኛለች። ምግብ አይበላላትም። የሰፋችው ሱሪ አንዱ እግር ከሌላው አጥሮ ደንበኛው መልሶ አመጣው። አሰብኩ፣ አሰብኩና ምክንያቱን ደረስኩበት፤ ቀንታለች። ይህ ቤት የሚጠብቀው የእሷን ልጅ ብቻ ነበር፣ አሁን እኔ ድንገት ከነመንታዬ መጣሁባት። እናትና አባቴ የሚንሾካሾኩት ስለ እኔ ብቻ ነው። ሆስፒታል የምንሄድበት ቀን ተቆርጧል፣ የመጪው ሳምንት ሰኞ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ። ስፒሎቿን በከንፈሯ ደርድራ አንድ እጅጌ ታያይዛለች።

"አክስቴ፣ አትናደጂብኝ" አልኳት። "የእኔ እኮ ትንንሽ ናቸው። ያንቺን አያክሉም።"

"ምኖቹ?"

"ልጆቼ።" መንጋጋዬን አሳየኋት። "ሐኪሙ ከረጢት አለ ብሏል። ውሃ አለው። ውስጡ አንዱ ተጋድሟል። ሌላም ሊኖር ይችላል ብሏል፣ ግን እሱን እርግጠኛ አይደለም። ያንቺ ይቅደም፣ እኔ እጠብቃለሁ።"

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። እንዳትውጣቸው የፈራች ትመስል ነበር።

"ሐኪሙ ሌላ ምን አለ?"

"ጥርሱ ተመትቶ ያውቃል ወይ አለ። እማዬ ደረጃ ላይ ነው፣ ጥርሱ ምንም አልሆነም አለች። እኔ ትንፍሽ አላልኩም።" ልትኮራብኝ ይገባል ብዬ ደረቴን ነፋሁ። "ያንን የጥርሱን ነገር ካላወቅኩ አልነካም፣ ትልቅ ሆስፒታል ሂዱ አለ። እኔ ግን አልተናገርኩም።"

እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል በእጅጌው ጨርቅ ላይ ድምፁ ይሰማ ነበር። አሁንም ቅናት መሰለኝ። ተነሳች፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ በቤት ጫማዋ፣ እጄን ይዛ ወጣች። እንደዚያ ከብዳ እንዲያ መሮጥ ትችላለች ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔ "ቀስ በይ፣ ለሁለታችንም ጥሩ አይደለም" እያልኩ ተከተልኳት።

ፖስታ ቤት ሰው ተሰልፏል። እናቴ ከመስታወቱ ጀርባ ማኅተም ትመታለች። አክስቴ ሰልፉን በሆዷ ገፍታ ከፊት ቆመች።

"እትዬ፣ ልጁን የጣልኩት እኔ ነኝ።"

እናቴ በድንጋጤ ቀና አለች። "የት ጣልሽው?" ከዚያ እኔን አየችኝ። "ይኸው ቆሟል አይደል እንዴ?"

"ዛሬ አይደለም። የዛሬ ሁለት ዓመት። ደረጃ ላይ አልወደቀም። ጠረጴዛ ላይ አቁሜው መኪናው ብረት ላይ ነው የወደቀው። ጥርሱ ወደ ላይ ድዱ ውስጥ ገብቶ ነበር። እኔ በጣቴ ስቤ መለስኩት። ደሙ ሲቆም ጊዜ ዳነ ብዬ ዝም አልኩሽ።"

እናቴ ደብዳቤው ላይ ልታሳርፈው ያነሳችውን ማኅተም የገዛ እጇ ጀርባ ላይ አሳረፈችው። የዚያን ዕለት ቀን ለአራት ቀን ያህል ቆዳዋ ላይ ይነበብ ነበር።

"ጠረጴዛ ላይ አታውጪው አላልኩሽም?"

"ብለሽኛል።"

"ለምን አወጣሽው?"

"ቀሚስ ልለካበት።"

"ቀሚስ?"

ከሰልፉ ውስጥ ጥቅል የያዙ ሽማግሌ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው "ቀለሙ ምን ነበር?" አሉ።

"ሮዝ" አልኩ። አፌ አመለጠኝ።

ማንም አልሳቀም፤ ወይም እኔ አላየሁም። እናቴ "ዝግ ነው" የሚለውን ሰሌዳ መስታወቱ ላይ አቆመች። ሽማግሌው "ሂጂ የኔ ልጅ፣ እንጠብቃለን" አሏት።

ሐኪሙ ሌላ በሽተኛ ላይ ነበር። ነገሩን አክስቴ እንደቆመች ነገረችው። ሲሰማ ሲሰማ ቆየና ጓንቱን አወለቀ፤ ራጄን አወጣ፤ እንደገና ወደ ብርሃኑ ያዘው።

"ይሄማ ብዙ ነገር ያስረዳል" አለ። "የወተት ጥርስ እንዲህ ተመትቶ ሲሞት ሥሩ ይቆጣል። ከሥሩ ተኝቶ የሚጠብቀው ዋናው ጥርስ ደግሞ በቀጭን ከረጢት የተጠቀለለ ነው። ያ ከረጢት አንዳንዴ ውሃ ይሞላል። ያለ ምክንያት የመጣ ሲመስለኝ ነው ክፉውን የፈራሁት። አሁንም ከከረጢቱ ግድግዳ ትንሽ ቆርጬ ለምርመራ እልካለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀለል ብሎኛል።"

እናቴ አጠገቧ ያገኘችው ወንበር ላይ ዘጭ አለች። የበሽተኛው ወንበር ነበር፤ ወደ ኋላ ተንጋለለባት።

አባቴ ተጠርቶ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ደረሰ። ሐኪሙ የሚያደርገውን ነገረው፤ የሞተችውን ጥርስ ይነቅላል፣ በቦታዋ መስኮት ይከፍታል፣ ውሃው እንዲፈስ ትንሽ ቱቦ ይተዋል፣ ከረጢቱ እየሟሸሸ ሲሄድ ውስጥ ያለው ወደ ታች ይወርዳል።

"የቱቦው ስፋት ስንት ነው?" አለ አባቴ።

ሐኪሙ በጣቶቹ አሳየው።

"ይደፈናል።"

"በየቀኑ በጨው ውሃ ይታጠባል።"

"ግፊቱስ?"

ይህ ወሬ አሥር ደቂቃ ፈጀ። ከሳምንት ወዲህ የአባቴ ፊት እንደዚያ ሲፈታ አላየሁም። መጨረሻ ላይ ሐኪሙ የመታጠቢያ ገንዳው ስር የሚያንጠባጥብ ነገር እንዳለ አጫወተው፤ አባቴም ወዲያው ተንበረከከ።

በነጋታው መንጋጋዬን አደነዘዙኝ። አፍንጫዬ የሰው አፍንጫ መሰለኝ። አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ ከዚያ የደረቀ ሣር ቀለም ያለው ውሃ ወረደ። ሐኪሙ ሲጎነበስ ጠብቄ በደነዘዘ ምላሴ ጠየቅኩት።

"ምንድን ነው?"

"ምኑ?"

"ወንድ ነው ሴት?"

ሐኪሙ ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ ወደ አክስቴ። አክስቴ ጣሪያውን አየች። ሰውየው አልሳቀብኝም፤ ዕድሜውን ያርዝመው። ወገቡን ለሁለት አጥፎ ራጁን አሳየኝ።

"ይህ ጥርስ ነው። ትልቅ ሰው ስትሆን የምትስቅበት ጥርስ።"

"ሌላኛውስ?"

"ሌላ የለም።"

አለቀስኩ። እነሱ ያመመኝ መስሏቸው "አይዞህ፣ አለቀ" አሉኝ። ሰው ሁለት ልጅ በአንድ ጠዋት ሲያጣ ምን እንደሚሰማው ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም። ሬዲዮ ብቻ ገባት፤ ብስኩቱን ግን አስመለሰች።

የምርመራው ወረቀት ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። አባቴ በር ላይ እንደቆመ አነበበው፣ ለእናቴ ሰጣት፣ እሷም አነበበችው። ክፉ ነገር አልነበረም። ያን ቀን ሁለቱም ያለ ምክንያት ሲያቅፉኝ ዋሉ።

እናቴ እና አክስቴ ግን አይነጋገሩም ነበር። በእኔ በኩል ነበር የሚነጋገሩት። "ለአክስትህ ጨዉ አልቋል በላት።" "ለእናትህ ገዝቻለሁ በላት።" ሦስታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ሆነን ነው ይህ። መንጋጋዬን የምታጥበው አክስቴ ነበረች፤ ማንም ሳያዛት ሥራዬ ብላ ያዘችው። በቀን ሁለቴ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ፣ ለብ ያለ የጨው ውሃ። ከወለደች በኋላም አልተወችም፤ ሕፃኗን በአንድ ትከሻዋ አጋድማ በሌላው እጇ እኔን ታጥባለች። ለልጅ አያያዝ የምትለማመድ መስሎኝ እተባበራት ነበር። ስንት ጊዜ እንደሆነ ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ከሦስት መቶ ያልፋል፤ አንድ ቀን እንኳ አልረሳችም።

እናቴም ብትሆን እህቷ ስትወልድ ያላደረገችው ነገር የለም። አጠበች፣ አበሰለች፣ ሕፃኗን አቀፈች። የመጣው እንግዳ ሁሉ ለአራሷ የሚላትን ያቺን አንዲት ቃል ግን ከአፏ አላወጣችም።

ጥርሷ ከተነቀለች ከአምስት ወር በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አክስቴ ውሃውን ልትረጭ ከንፈሬን ገልብጣ ቆመች። ስሪንጁን አስቀመጠች። ጣቷን ሰድዳ ነካችው።

"እትዬ" ብላ ተጣራች። በእኔ በኩል አልነበረም።

እናቴ ከልብስ አጠባ ከነሳሙና አረፋዋ ሮጣ መጣች። አባቴ ባትሪ ይዞ ከጓሮ ደረሰ። አራት ራሶች፣ የሕፃኗን ጨምሮ፣ አፌ ላይ ተደፉ። ከድዴ መሐል ነጭ ነገር ብቅ ብሏል፤ ጫፉ እንደ መጋዝ ሾል ሾል ያለ፣ ወደ ግራ ትንሽ ያዘመመ።

"ጠማማ ነው" አለ አባቴ።

"አንተን መስሎ ነዋ" አለች እናቴ።

እጇን ቀሚሷ ላይ አደረቀች። ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ አራስ ልትጠይቅ እንደመጣች ሴት ፊቷን አኮሳትራ፣ "እንኳን ማርያም ማረችህ" አለችኝ።

አክስቴ ሳቀች። ሕፃኗ ከትከሻዋ ልትንሸራተት ስትል እናቴ ቀለበቻት። አቅፋ ጀርባዋን መታ መታ ስታደርግላት ቆየች፤ ከዚያ ወደ እህቷ ሳትዞር፣

"አንቺንም" አለች።